ረቡዕ የተማረችውን ዓርብ

እታፈራሁ ኮምፒውተር አብርታ አታውቅም። ይህን ከመነሻው መናገር ይሻላል፤ ኋላ ስታስተምር ስትሰሟት "ይቺ ሴት የት ተምራ ነው?" ብላችሁ እንዳትደክሙ። ሪያድ ውስጥ፣ ዑለያ ከሚባለው የቢሮ ሰፈር፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት በለበሰ ሕንፃ ላይ አንድ ሙሉ ፎቅ የእሷ ነው። የእሷ ነው ስል ወለሉ፣ መስታወቱ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱና ሐማሙ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ማለቴ ነው። በኮምፒውተሮቹ ላይ ያላት ሥልጣን አቧራ ከመጥረግ አያልፍም፤ እሱም በደረቅ ጨርቅ፣ ቁልፍ እንዳትነኪ ተብላ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሥሩ አንድ ፎቶ ነው። ሳውዲ ያለ ሐበሻ የት የት ፎቶ እንደሚነሣ መቼም አይጠፋችሁም። የማዳም ሶፋ ላይ ተደላድሎ፣ የከፊሉን፣ የአሠሪውን፣ መኪና ተደግፎ፣ የገበያ አዳራሹ ፏፏቴ አጠገብ ቆሞ። ሐበሻ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ዑድ ሰፈር ውስጥ እንደ ዕቃ መደርደሪያ የተነባበረውን የራሱን አልጋ አንሥቶ ወደ አገር ቤት የላከ ጀግና ግን እስካሁን አልሰማንም። እታፈራሁም ከሰው አትለይም። አንድ ቀን ቢሮው ባዶ ሲሆንላት የጽዳት ልብሷን በጥቁር ዓባያ ሸፈነች፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ሙዲሩ፣ የሚቀመጥበት የሚሽከረከር የቆዳ ወንበር ላይ ጉብ አለች፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋች፣ ስልኳን የአበባ ማስቀመጫው ላይ አስደግፋ ፎቶ ተነሣች። ላከችው። አንዲት ቃል አልጨመረችበትም።

ቃሉን የጨመሩት እናቷ ናቸው። ልጄ በኮምፒውተር ነው የምትሠራው ብለው ለጎረቤት አሳዩ። ጎረቤት "የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ" አድርጎ ገበያ አወረደው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው ቀርሳ በር የምትባል ትንሽ ከተማ ሳታስበው መሐንዲስ አወጣች። ወሬው ዞሮ ሪያድ ሲደርስ እታፈራሁ ማስተባበል ነበረባት። እውነቱን እንነጋገርና፣ ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ "ያ ሰሚሃ" እየተባለች ለምትጠራ ሴት ትንሽ ማዕረግ አይከብዳትም።

ሰሚሃ የፓስፖርት ስሟ ነው። ገና ልጅ እግር ሆና ወደ ሳውዲ ስትመጣ ደላላው ያለ ቄስ ያለ ሼኽ አዲስ ስም አወጣላት፤ ዕድሜም መረቀላት። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ላይ ሰሚሃ ናት፣ አለቃዋ አፍ ላይ ሰሚሃ ናት፤ እታፈራሁ የሚሏት የዑድ ጓደኞቿና የአገር ቤት ሰዎች ናቸው። ሪያድ ውስጥ እንዲህ ሁለት ስም ያለው ሐበሻ ስለሚበዛ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ቀርሳ በር ግን ይህን ስም አታውቀውም። ስም የለወጠች እንዳትባል አፍራ ለእናቷም ለእህቷም አልነገረችም።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው በደግ ነገር ነው። ሳውዲ የሚኖሩ የቀርሳ በር ልጆች በስልክ ተሰባስበው፣ አዋጥተው፣ እዚያው ከትምህርት ቤቱ ጎን የኮምፒውተር ክፍል አሠሩ። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው፤ ግን ይሠራሉ። ታናናሾቻችን እዚያው ሙያ ይዘው እዚያው ይብሉ፣ እንደኛ በየሰው ቤት አይበተኑ ነው ሐሳቡ። የተቀጠረው መምህር ግን ወንበሩ ሳይሞቀው አዲስ አበባ የተሻለ አገኘና ሄደ። ኮሚቴውን የሚመሩት ጡረተኛው ርዕሰ መምህር ጋሽ ይልማ አልተሸበሩም። ለሁሉም የሚሰማ ረጅም የድምፅ መልእክት ለቀቁ። የራሳችን ልጅ፣ የሪያድ የኮምፒውተር ባለሙያ እያለችልን መምህር ፍለጋ አንንከራተትም፤ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ እየታየች ታስተምርልን አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማሻአላህ እያለ ከሥሩ ደረደረ።

እታፈራሁ መልእክቱን የሰማችው ሐማም እያጠበች ነው። አሞኛል ልበል፣ ከፊሌ አይፈቅድም ልበል እያለች ስታወጣ ስታወርድ ጋሽ ይልማ ለብቻዋ ሌላ መልእክት ላኩ። እህትሽ ሳምራዊት፣ አሉ፣ አስተማሪዋ አንቺ ከሆንሽ እማራለሁ፣ ካልሆነ ግን ኤጀንሲ ተመዝግቤ ሳውዲ እገባለሁ ብላ ቆርጣለች።

ሳምራዊትን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣላት ቀርቶ ቤት ተቀምጣለች፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ጭንቅላቷም እንደዚያው። እታፈራሁ ደግሞ ሪያድ መጀመሪያ የገባችበትን ቤት ለማንም ተናግራ አታውቅም። በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር። ስልኳ ማዳም ዘንድ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ምን እንደሚመስል ሳታይ፣ የታመመች ቀን እንኳ ቆማ እየሠራች ኖራለች። አሁን ሳምራዊት በዚያ በር ስትገባ ታያት። ተይ አትምጪ እንዳትላት፣ ራሷ የሙዲሩ ወንበር ላይ ተሽከርክራ ተቀምጣለች፤ ማን ይሰማታል? ጓንቷን አወለቀችና እሺ ጋሽ ይልማ፣ ዓርብ ዓርብ ይመቸኛል ብላ መለሰች።

ዓርብ አይመቻትም። ዓርብ ያለቻት አንዲት የዕረፍት ቀን ናት። ግን ቢሮው ጭር የሚለው ዓርብ ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ደግሞ ከተነባበረ አልጋ ላይ ሆና አታስተምርም። ማንም የማይፈልገውን የዓርብ ጠዋት ፈረቃ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዋ ለመነች፤ ልጅቷም ይቺ ሴት ወደ ልቧ ሳትመለስ ብላ ወዲያው ሰጠቻት። አሁን የቀረው ትንሽ ነገር ኮምፒውተር ማወቅ ነበር።

ለዚህ ዮዲት አለች። ዮዲት ዩኒቨርሲቲ ገብታ በኮምፒውተር የተመረቀች፣ ዛሬ ሪያድ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት የሰው ልጅ የምታሳድግና የሰው ልብስ የምትተኩስ ልጅ ናት። ማዳሟ ረቡዕ ከሰዓት እናቷን ልትጠይቅ ስትወጣ ዮዲት ካውያዋን ታግልና ስልኳን ቁምሳጥኑ ላይ ታቆማለች። እታፈራሁም በምሳ ዕረፍቷ መጥረጊያና ሳሙና ከሚቀመጥበት ክፍል ገብታ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጣለች። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው። ዮዲት አትራራም። የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች "አይደለም፣ እንደገና" ትላለች። ፋይል ምንድን ነው፣ ፎልደር ምንድን ነው፣ ማውዙ አንዴ ሲጫን ምን፣ ሁለቴ ሲጫን ምን። እታፈራሁ ኮምፒውተሩን ሳታየው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትሸመድደዋለች።

ዮዲት መኖሯን ሳምራዊት እንዳታውቅ እታፈራሁ ተጠንቅቃለች። መምህርቷ ራሷ ተማሪ መሆኗ ብቻ አይደለም የሚያሳፍረው። ያቺ ምላሰኛ "በኮምፒውተር የተመረቀችው ልብስ የምትተኩስ ከሆነ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምማረው?" ብትላት ምን ልትል ነው?

የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። እታፈራሁ ፎቋን ከወትሮው ቀድማ አጥባ፣ ዓባያዋን ደርባ፣ ወንበሩ ላይ ተሰየመች። የሙዲሩ ኮምፒውተር ጠፍቶ ተቆልፏል፤ ስልኳን ከስክሪኑ ኋላ ስላቆመችው ግን ተማሪዎቹ የሚያዩት ጀርባውን ነው። በሞተ ኪቦርድ ላይ ጣቷን እያንደቀደቀች ስታስተምር ብታዩዋት እናንተም ትመዘገቡ ነበር። ልጆቹ፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ባንድ ወንበር ሁለት ሁለት ተቀምጠው ዓይናቸውን አይነቅሉም። ሳምራዊት ፊት ላይ ናት። መሐል ላይ አንዷ ስክሪኑ የማላውቀውን ነገር ይጠይቀኛል፣ እሺ ልበለው ወይስ እምቢ ብላ ተጨነቀች። እታፈራሁም አላወቀችውም። "አትቸኩሉ" አለች ድምፅዋን ጎላ አድርጋ፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እጃችሁን አንሡና በመጀመሪያ አስቡበት" አለችና ድምፅዋን ከጥሪው ዘግታ፣ ጎንበስ ብላ ለዮዲት በሹክሹክታ የድምፅ መልእክት ላከች። መልሱ እስኪመጣ ልጆቹ አሰቡበት። ጋሽ ይልማ ከኋላ ሆነው ይሄ ነው የማስተማር ዘዴ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚዘጋ ዮዲት አልነገረቻትም ነበር። እታፈራሁ ደግሞ ማንኛውም ማሽን ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ከዓመታት ልምድ ታውቃለች። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ገመዱን በሥርዓት ጠቅልሉ፣ አካሉን በጨርቅ ወልውሉ። የቀርሳ በር ልጆች ሶኬቱን ነቅለው፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ ኪቦርዱን እስኪያብለጨልጭ ወለወሉ። የጻፉት በሙሉ ጠፋ። ዮዲት ረቡዕ ላይ ይህን ስትሰማ ካውያውን አስቀምጣ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያም ተቆጣች፤ ከዚያም ሥራን ማስቀመጥና ኮምፒውተርን በወጉ መዝጋት እንዴት እንደሆነ ደጋግማ አስጠናቻት። ዓርብ ላይ ልጆቹ ሥራችን ጠፋብን ብለው ሲያለቅሱ መምህርት ምን ብትል ጥሩ ነው? አውቄ ነው አለች። ያልተቀመጠ ሥራ እንደሚጠፋ በቃል ቢነገራችሁ ትረሱታላችሁ፣ አሁን ግን አትረሱትም አለች። እኔ እንዲህ ያለ ዐይን አውጣ አይቼ አላውቅም።

ነገር ግን ልብ በሉ፣ አልረሱትም። በረቡዕና በዓርብ መካከል የሆነ ነገር እየበቀለ ነበር። የአማርኛ ፊደል መጻፍ ሲደርሱ፣ መጀመሪያ "ስ" ትመጣለች፣ ሌላ ቁልፍ ሲጨመርባት "ሰ" ትሆናለች ስትላቸው፣ ልጆቹ እንደ ጨዋታ ያዙት። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእሷ ይልቅ እጃቸው ፈጠነ፤ እሷማ በሞተ ኪቦርድ ላይ እንጂ ጽፋ አታውቅም። የገበሬ አቤቱታ መጻፍ ጀመሩ። የመምህራንን ፈተና ጻፉ። ለዚህ ለዚህ ኮምቦልቻ ድረስ የሚንከራተት ሰው ደጃቸው ላይ መሰለፍ ጀመረ፤ ትንሽ ትንሽም ይከፍላቸዋል። አንዷ እናቷን የዓይን ሐኪም ወሰደች። እታፈራሁ ይህን ስትሰማ የሙዲሩን መስታወት እየወለወለች አንጎራጎረች። ወንበሩ የሰው ነው፣ ስሙ የሰው ነው፣ ትምህርቱም የዮዲት ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እሷ ግን ደምቃ ነበር።

ድምቀቱ ብዙ አልቆየም። ልጆቹ ከሁሉ የሚበዛው ደንበኛችን የትኛው መሰለሽ ብለው አጫወቷት። የፓስፖርት ማመልከቻ የሚያስሞላው ነው። ጎረምሳው ኮረዳው ይመጣል፣ እነሱ በኢንተርኔት ይሞሉለታል፣ እሱም ወደ ሳውዲ ጉዞውን ይጀምራል። ሰው እንዳይሰደድ ተብሎ የተሠራው ክፍል ዋና ገቢው ስደተኛ መሸኘት ሆኖ አረፈ። ከዚህ በላይ ምን ፌዝ አለ? እታፈራሁ ግን መሳቅ አልቻለችም፤ ማመልከቻ በመሙላት በጣም ጎበዟ ማን እንደሆነች ጠይቃ ነበርና። ሳምራዊት ናት። አንድም ፊደል ሳትሳሳት፣ በአሥሩም ጣቷ፣ የራሷንም ሞልታ ጨርሳለች። ፓስፖርቱ ወጥቶ እጇ ገብቷል።

እታፈራሁ እህቷን ለብቻዋ ደውላ ያዘቻት። ትምህርቱን እየወደድሽው ለምን ትሄጃለሽ ብላ ተማጠነች። ሳምራዊት ጠግቤ አይደለም አለች። አንቺ እዚያ ሄደሽ ነው ሰው የሆንሽው፣ እኔ እዚህ የገበሬ አቤቱታ ስጽፍ ልኑር? ኮምፒውተሩን ተምሬያለሁ፣ አሁን ያንቺን ዓይነት ወንበር እፈልጋለሁ አለች። የገዛ ፎቶዋ ዞሮ መጥቶ አፏን ዘጋት።

የዚያን ሳምንት ረቡዕ ባልዲው ላይ ተቀምጣ ለዮዲት ነገረቻት። እህቴ ተምራ ብትቀር ምን ይጠቅማታል፣ አንቺስ ተምረሽ የት ደረስሽ ብላ እስከ መጠየቅ ደረሰች። ዮዲት ካውያውን ሳታቆም የሸሚዙን እጅጌ ገለበጠች።

"እኔ ስመረቅ" አለች፣ "ከተማዬ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ባንኩ ብቻ ነበር። ሙያ ይዤ የምቀመጥበት ወንበር አጣሁ። እናንተ ወንበሩን ቀድማችሁ ሠራችሁ። እሷ ከሄደች ወንበሩ ባዶ ይቀራል፣ እሷም እንደኔ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ይሄን ንገሪያት።"

እታፈራሁ ይህን እንዴት ትነግራታለች? ዮዲትን ለመጥራት ራሷን መግለጥ አለባት። እያሰበች ዓርብ ደረሰ።

ያን ዓርብ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ ስታስረዳ ሊፍቱ ተከፈተ። የጽዳት ሠራተኞቹ አለቃ አቡ ራሚ ነበር። ዓርብ ቀን መጥቶ አያውቅም፤ ሙዲሩ ድንገት እንግዳ ይዞ ሊመጣ ነው ተብሎ መሮጡ ነው። እሷን ገና ሳያያት ከኮሪደሩ ጮኸ።

"ያ ሰሚሃ! ያላ፣ ሐማም!"

ድምፁ በስልኩ አልፎ ቀርሳ በር ገባ። ልጆቹ ተያዩ። ሰሚሃ ማናት አለች ሳምራዊት። እታፈራሁ አላሰበችበትም፤ አፏ ከልቧ ይቀድማል።

"የጽዳት ሠራተኛችን ናት" አለች።

እንዴት ያለ ለስላሳ ውሸት ነበር። በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ሰሚሃን ፈልጌ ልምጣ ብላ ተነሥታ፣ ሐማሙን ወልውላ፣ ተመልሳ ወደ ሠንጠረዡ። ሳምራዊት ግን ወደ ስልኩ ተጠጋች። ዓይኗ በራ።

"እታፈራ፣ እኔንም እንደ እሷ አስገቢኝ" አለች። "ጽዳትም ቢሆን አልንቅም። አንቺ ኃላፊ አይደለሽ? አንድ ሕንፃ ውስጥ አብረን እንውላለን። ፓስፖርቴ ወጥቷል።"

ከኋላ አቡ ራሚ ድጋሚ ተጣራ። እታፈራሁ ያንን ከውጭ የሚቆለፍ በር አየችው። በገዛ እጇ ልትከፍትላት የቀራት አንድ ውሸት ብቻ ነበር፤ እንደ ዛሬ ፈርታ አታውቅም።

"ሳምሪ" አለች፣ "ሰሚሃ እኔ ነኝ።"

ተነሥታ ዓባያዋን አወለቀች። ከሥር ያለውን ሰማያዊ የጽዳት ልብስ፣ ደረቱ ላይ በዓረብኛ የተጻፈውን ስም አሳየቻቸው። ወንበሩ የእኔ አይደለም አለች። ይሄን ኮምፒውተር አብርቼው አላውቅም፣ የማስተምራችሁን ረቡዕ ረቡዕ ዮዲት ከምትባል አንዲት እህት በስልክ እየተማርኩ ነው አለች። እሷም በኮምፒውተር ተመርቃ እዚህ የሰው ልብስ ትተኩሳለች፣ አንቺ ከመጣሽ የሚቆይሽ ይኸው ነው አለች። መጀመሪያ የገባችበትን ቤት፣ በሩን፣ ያን ዓመት፣ ለእናቷ ያልነገረችውን ሁሉ በእነዚያ በአካል በማያውቋት ልጆች ፊት ተናገረች። አቡ ራሚ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቋንቋውን አልሰማም፤ ፊቷን ግን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያላ፣ ነይ፣ አላት። ስልኩን ወንበሩ ላይ ትታ ባልዲዋን ይዛ ሄደች። ስትመለስ መስመሩ ተቋርጧል።

ከዚያ በኋላ የሳምራዊት ስልክ ዝግ ሆነ። ጋሽ ይልማ ግን ደወሉ። እታፈራሁ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቀደሟት። እኔም ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን የምቀድማቸው በአንድ ምዕራፍ ነበር፣ እሱም አንዳንድ ቀን አይሳካም ነበር አሉ። ስቃ ሳትጨርስ የደወሉበትን ነገር ነገሯት። ሳምራዊት ጠዋት በትንሽ ሻንጣ ኮምቦልቻ የሚሄድ መኪና ስትሳፈር ታይታለች። እናቷም ወዴት እንደሆነ አያውቁም፤ ለኤጀንሲው ያጠራቀመችውን ገንዘብ ግን ይዛ ወጥታለች። ኤጀንሲው ያለው ኮምቦልቻ ነው። እታፈራሁ ዑድ ገብታ አልጋዋ ላይ በደረቷ ተደፋች። እውነትም ውሸትም ተናግራ ልጅቱን አላስቀረቻትም።

ረቡዕ ላይ አልማርም አለች። ዮዲት ካውያዋን እያጋለች ዓርብ ክፍል አለሽ አለቻት። ማን ይመጣል ብለሽ ነው ስትላት፣ ይምጡ አይምጡ የእነሱ ነገር ነው፣ አንቺ ግን ሠንጠረዡን ሳትጨርሺ ነው የተነሣሽው አለችና ሌላ ሸሚዝ አነሣች። እታፈራሁ ተነጫንጫ ሠንጠረዡን ተማረች።

ዓርብ ወንበሩ ላይ አልወጣችም። ባልዲዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሰማያዊ ልብሷን እንደለበሰች፣ በሰዓቱ ደወለች። ልጆቹ ሞልተዋል። እንደምን አደርሽ መምህርት አሉ፤ ማንም ስለ ባለፈው አላነሣም። የሳምራዊት ቦታ ባዶ ነበር። እታፈራሁ ዓይኗን ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ መንቀል አቅቷት ሠንጠረዡን ጀመረች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ጀመረች።

የልጆቹ ክፍል በር ሲንኳኳ በስልኩ ሰማች። ካልሲና ሻርፕ የተሸከመች አዟሪ ነጋዴ መስላት ነበር። ሳምራዊት ናት፤ ፊቷን የሚሸፍን ካርቶን ታቅፋለች። ልጆቹ ተሯሩጠው አወረዱላት። አሮጌ የወረቀት ማተሚያ ነው። እዚህ ጽፈን ኮምቦልቻ እየሄድን እስካሳተምን ድረስ የምንጽፈው ግማሽ ሥራ ነው አለች ለልጆቹ፣ ወደ ስልኩ ሳታይ። የሚሠራ ማተሚያ እስካገኝ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ሳምንቱ አለቀ፣ የኤጀንሲው ገንዘብ አልበቃ ብሎኝ ስልኬንም ሸጬ ጨመርኩበት አለች። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረች። ወለሉ ላይ የተቀመጠችውን እህቷን፣ ልብሷን፣ ባልዲዋን አየች።

"ያን ሁሉ ዓመት ዋሸሽኝ" አለች ሳምራዊት።

"አዎ።"

"ዓርብ የዕረፍት ቀንሽ ነው አይደል? ስልኬን ሳልሸጥ የዑድ ጓደኛሽን ጠይቄ ነግራኛለች።"

እታፈራሁን እንባዋ ቀደማት።

"እንግዲያው ያቺን ዮዲት የምትባለውን ቁጥሯን ስጪኝ" አለች ሳምራዊት። "ረቡዕ ረቡዕ በዚሁ ስልክ እኔ ራሴ ከእሷ እማራለሁ። ዓርብ እኔ አስተምራቸዋለሁ። አንቺ ተኚ።"

እታፈራሁ የሚቀጥለውን የዓርብ ፈረቃ ለፊሊፒናዊቷ ልጅ መለሰችላት፤ ልጅቷ አጉረምርማ ተቀበለች። ዑድ ሰፈር፣ ከላይ አልጋዋ ላይ፣ ክፍሉ በሚጀመርበት ሰዓት ከልምድ ነቃች። ስልኳን አየችው። የሚጠብቃት የለም፣ የጠራትም የለም። ቀርሳ በር ውስጥ እህቷ ቆማ እያስተማረች ነው። ስልኩን ትራሷ ሥር ከተተችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።